ሳይለቀም የተፈጨ እህል

ወፍጮ የሰጡትን ይፈጫል። ስንዴው ውስጥ ጠጠር ካለ ጠጠሩንም አድቅቆ ያወርደዋል እንጂ «ይሄ እህል አይደለም» ብሎ አይመልስም። እናቶቻችን እህል ወደ ወፍጮ ቤት ከመላካቸው በፊት ሰፌድ ይዘው ሲለቅሙና ሲያንገዋልሉ የሚውሉት ለዚህ ነው።

የኮምፒውተር ፕሮግራምም ወፍጮ ነው። ድረ ገጽ ላይ ስም፣ ኢሜይል ወይም የፎቶ አድራሻ ስንሞላ ከጀርባ ያለው ፕሮግራም የሰጠነውን ይፈጫል። ስም መስሎ የገባው ነገር ትእዛዝ ከሆነና የሚለቅመው ከሌለ ትእዛዙን ይፈጽመዋል። «ድረ ገጻችን ተጠለፈ» የሚል ዜና ስንሰማ የምናውቀው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ የተለወጠውን የፊት ገጽ፣ በድንገት ብቅ ያለውን የመድኃኒት ማስታወቂያ። መነሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፕለጊን ነው፦ ፎርም ለመቀበል፣ ፎቶ ለማሳየት፣ ክፍያ ለማስገባት ተብሎ ከዋናው ሥርዓት ላይ የተቀጠለ ትንሽ ፕሮግራም። ይህ ችግር ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ በቅደም ተከተል ልተርክ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1993 እስከ 1998፦ ማንም ያልጠየቃት የስልክ ማውጫ

መጀመሪያ ላይ ድረ ገጽ ማለት ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነበር። ይነበባል፣ መልስ ግን አይሰጥም። በ1993 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ኤንሲኤስኤ ሲጂአይ የተባለውን ስልት ሲያመጣ ነገሩ ተለወጠ። ጎብኚው ፎርም ላይ ይጽፋል፣ ሰርቨሩ የተጻፈውን ለሌላ ፕሮግራም ያቀብላል፣ ፕሮግራሙ መልሱን ይመልሳል። የዛሬዎቹ ፕለጊኖች ሁሉ አያት ይህ ነው።

ሰርቨሩ ሲታደል ለምሳሌ ያህል የተጻፉ ጥቂት ፕሮግራሞች አብረውት ነበሩ። ከእነሱ አንዷ ፒኤችኤፍ ትባላለች፤ የሰው ስም ሲሰጧት ስልኩን የምትፈልግ ማውጫ ናት። የጻፏት ሰዎች ግድ የለሾች አልነበሩም። ጎብኚው የጻፈው ስም በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ የትእዛዝ መስመር እንደሚገባ ስለገባቸው አደገኛ ምልክቶችን እየለየ የሚያመክን ማጣሪያ ሠርተውላት ነበር። የረሱት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አዲስ መስመር የሚጀምረውን ምልክት። ከስሙ ቀጥሎ ይህችን ምልክት ያስገባ ሰው በሁለተኛው መስመር የፈለገውን ትእዛዝ መጻፍ ይችላል፤ ሰርቨሩም ይታዘዛል። በማርች 1996 የአሜሪካው የኮምፒውተር አደጋ አስተባባሪ ማዕከል ሰርት ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰርጎ ገቦች አዲስ ሰርቨር ባገኙ ቁጥር መጀመሪያ የሚያንኳኩት የዚህችን ማውጫ በር ነበር፤ የሚጠይቁትም ስልክ ሳይሆን የይለፍ ቃል ፋይሉን ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው፣ የሚከለከለውን ዘርዝሮ የሚጨርስ ሰው የለም፤ አንድ ምልክት ብትረሳ ሌላው ድካም ሁሉ ገደል ይገባል። ሁለተኛው ደግሞ ብዙዎቹ የሰርቨር ባለቤቶች ፒኤችኤፍ የምትባል ነገር ቤታቸው ውስጥ እንዳለች እንኳ አለማወቃቸው ነው። ሁለቱም ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ።

በዚያው ዘመን ማት ራይት የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ፎርምሜል የተሰኘች ፕሮግራም በነጻ አደለ። ፎርም ላይ የተሞላውን በኢሜይል ትልካለች። የተቀባዩ አድራሻ ግን የተቀመጠው እዚያው ፎርሙ ውስጥ፣ በማይታይ ሣጥን ነበር። የማይታይ ማለት የማይነካ ማለት አይደለም። አይፈለጌ መልእክት የሚልኩ ነጋዴዎች አድራሻውን እየለወጡ በሰው ሰርቨር ላይ ያለ ክፍያ ፖስታ ቤት ከፈቱ። በኋላ ሌሎች ፕሮግራመሮች በአንድነት ጥንቃቄ የተሞላባት ምትክ ጻፉ፤ ራይትም በራሱ ገጽ ላይ ሰዎች በእሷ እንዲጠቀሙ መከረ። በሙያው ውስጥ እንዲህ ያለ ትሕትና ብዙ ጊዜ አላየሁም።

በ1998 የገና ዕለት ደግሞ ሬይን ፎረስት ፐፒ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ተመራማሪ ፍራክ በተባለው የሀከሮች መጽሔት ላይ አዲስ ነገር አሳየ። ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄ መካከል የራስን ትእዛዝ መሰካት ይቻላል አለ። ለማይክሮሶፍት አስታውቆ እንደነበርና ኩባንያው ነገሩን እንደ ችግር እንዳልቆጠረው እዚያው ጽፏል። ዛሬ ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የምንለው ይህ ነው።

ከ1999 እስከ 2003፦ አንዲት ጭረት

ራስመስ ለርዶርፍ የሥራ ልምድ ማስረጃውን ድረ ገጽ ላይ ማን ማን እንዳየው ለማወቅ የጻፋት ትንሽ መሣሪያ በ1995 ለሕዝብ ወጣች። ፒኤችፒ ትባላለች። ለጀማሪ ከእሷ የቀለለ ቋንቋ አልነበረም፤ ችግሩም ከቅለቷ መጣ። ጎብኚው በአድራሻው መስመር ላይ የጻፈውን ሁሉ ያለ ምንም ጥያቄ የፕሮግራሙ ተለዋዋጭ አድርጋ ታስገባዋለች። ጎብኚው «አድሚን ነኝ» ብሎ ከጻፈ፣ ፕሮግራመሩም ያንን ስም ቀድሞ ካልያዘው፣ እውነትም አድሚን ይሆናል። ይህ ልማድ በነባሪነት እንዲዘጋ የተደረገው በ2002 ነው።

ለዳታቤዙ ችግር የተሰጠው መድኃኒት ደግሞ ከበሽታው የባሰ ነበር። ዳታቤዝ ጽሑፍ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ የሚያውቀው በነጠላ የጥቅስ ምልክት ነው። ጎብኚው ስሙ ውስጥ ይህችን ጭረት ካስገባ ዳታቤዙ «ስሙ እዚህ አለቀ፣ የቀጠለው ትእዛዝ ነው» ብሎ ይረዳል። ፒኤችፒ ምን አደረገች? ከውጭ የሚመጣው ጽሑፍ ውስጥ ጭረት ባየች ቁጥር በራሷ ፈቃድ ከፊቷ ሌላ ምልክት ትሰካለች። የዋህ ፕሮግራመሮች «ቋንቋው ይጠብቀናል» ብለው ተኙ። ጥበቃው ግን በአንዱ ሰርቨር በርቶ በሌላው ጠፍቶ ይገኛል፤ በአንዳንዱ ቦታም ጭራሽ አይሠራም። ጨርሶ የተወገደው በ2012 ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ እቀበላለሁ» ብሎ በሩን ዘጋ። ይህ መልስ እኛን በቀጥታ ይነካናል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዛሬም ግን ስሙን በአማርኛ የሞላውን ሰው «የተሳሳተ ስም» የሚሉ ፎርሞች ሞልተዋል። ከዚህ ይበልጥ የሚገርመው፣ «ግዕዝ» የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በመካከሉ ያቺው ጭረት ታርፋለች። ጭረትን ሁሉ እንደ ጠላት የሚያይ ፕሮግራም ግዕዝን አያስገባም። ትክክለኛው መፍትሔ ምልክቱን መጥላት አይደለም። ጽሑፉንና ትእዛዙን ለዳታቤዙ ለየብቻ መላክ ነው፤ ያኔ ጭረቷ ጭረት ብቻ ሆና ትቀራለች።

በፌብሩዋሪ 2000 ሰርት ሌላ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ጎብኚው የጻፈው ነገር ሳይጣራ ተመልሶ ገጹ ላይ ከታየ፣ የሌላ ጎብኚ ብራውዘር እንደ ትእዛዝ ሊፈጽመው ይችላል። ለዚህ የማይክሮሶፍት መሐንዲሶች ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ የሚል ስም አወጡለት። በ2003 ኦዋስፕ የተባለው ማኅበር አሥሩን የከፉ የድረ ገጽ ስሕተቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘረዝር አንደኛ ላይ ያስቀመጠው ያልተጣራ ግብዓትን ነበር። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ «አላወቅንም ነበር» የሚያሰኝ አይደለም።

ከ2003 እስከ 2010፦ ቁልፉን ለሁሉም

በሜይ 2003 የ19 ዓመቱ ማት ሙለንዌግ ከቴክሳስ፣ ማይክ ሊትል ደግሞ ከእንግሊዝ ሆነው ባለቤቱ የተወውን ቢ2 የተባለ ፕሮግራም አንሥተው ድረ ገጽ የሚሠራበትን ዎርድፕረስን ጀመሩ። በሜይ 2004 የወጣው 1.2 ዕትም ፕለጊንን አስተዋወቀ፤ ዋናውን ኮድ ሳይነኩ የፈለጉትን የሚቀጥሉበት መንገድ ማለት ነው። ዎርድፕረስ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑትን የተሸከመው በዚህ ውሳኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የችግሩ ሥርም እዚያው ውሳኔ ውስጥ አለ። አንድ ፕለጊን ሲገባ የሚሰጠው ሥልጣን ከዋናው ሥርዓት ሥልጣን አይለይም። ዳታቤዙን ያነባል፣ ፋይል ይጽፋል፣ ይሰርዛል። ቤት ለማስጠገን ቧንቧ ሠሪ ጠርቶ የካዝናውን ቁልፍ እንደመስጠት ነው። ቧንቧ ሠሪው ሌባ ላይሆን ይችላል፤ በሩን ክፍት ትቶ መሄዱ ብቻ ይበቃል።

ዲሴምበር 2004 ላይ ምን ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ምልክት ታየ። ሳንቲ የተባለ ዎርም፣ ማለትም ራሱን በራሱ የሚያሰራጭ ፕሮግራም፣ ፒኤችፒቢቢ የተሰኘው የውይይት ፕሮግራም አንድ ግብዓት በትክክል ባለማጣራቱ ገብቶ ገጾችን ሲያበላሽ፣ ቀጣዩን ተጠቂ የሚፈልገው ጉግልን እየጠየቀ ነበር። ጉግል ጥያቄዎቹን እስኪዘጋበት ድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ተመቱ። ከዚህ በኋላ «የእኔ ገጽ ትንሽ ነው፣ ማን ይፈልገዋል?» የሚለው መጽናኛ አለቀለት። ፈላጊው ሰው አይደለማ።

ዎርድፕረስ በበኩሉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2007 ጽሑፍን ከዳታቤዝ ትእዛዝ የሚለይ መሣሪያ፣ በ2009 ደግሞ ገጽ ላይ የሚወጣን ጽሑፍ የሚያመክኑ መሣሪያዎች ለፕለጊን ጸሐፊዎች ሰጠ። ወንፊቱ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አውርዶ መንፋት ግን ለእያንዳንዱ ጸሐፊ ፈቃድ ተተወ።

2011፦ ማርክ ማውንደር ያልለጠፈው ማስታወቂያ

በዚያ ዓመት ማርክ ማውንደር የተባለ የቴክኖሎጂ ሰው የራሱን ገጽ ሲከፍት ያልለጠፈውን ማስታወቂያ አየ። እንደ ብዙዎቻችን ገጹን አጥፍቶ እንደ አዲስ በመትከል አልተገላገለም፤ ፈለጉን ተከተለ። ፈለጉ ቲምታምብ ወደምትባል አንዲት ፋይል አደረሰው።

ቲምታምብ ትልቅ ፎቶ ተቀብላ በልክ አሳንሳ የምትሰጥ ጠቃሚ ነገር ነበረች። በጣም ጠቃሚ ስለነበረች የገጽን መልክ የሚያበጁ ጥቅሎች፣ ማለትም ቴሞች፣ የሚሸጡ ሰዎች እየገለበጡ በየሥራቸው ውስጥ ከተቷት። ፎቶ ከሌሎች ድረ ገጾችም ታመጣለች፤ ነገር ግን ከታመኑት ብቻ፦ ከፍሊከር፣ ከብሎገር፣ ከዩቲዩብና ከጥቂት ሌሎች። ታዲያ አድራሻው የታመነ መሆኑን የምታረጋግጠው እንዴት ነው? የታመነው ስም አድራሻው ውስጥ መኖሩን በማየት። የትም ቦታ ይሁን ግድ የላትም። ዘበኛውን «የአቶ ከበደን እንግዶች ብቻ አስገባ» ቢሉት «ከበደ» የሚል ቃል ከአፉ የወጣውን ሁሉ እንደሚያስገባ ማለት ነው፤ «የከበደ ባላንጣ ነኝ» ያለውም ያልፋል። አጥቂው «ብሎገር ነጥብ ኮም» በሚል የሚጀምር፣ መጨረሻው ግን የራሱ ሰርቨር የሆነ አድራሻ ከፍቶ በፎቶ ፈንታ የፒኤችፒ ፋይል ያቀርብላታል። ቲምታምብ ያመጣችውን የምታስቀምጠው ማንም በብራውዘር ሊደርስበት በሚችል ማህደር ውስጥ ስለነበረ አጥቂው ፋይሉን መክፈት ብቻ ይቀረዋል። ሲከፈት ይሠራል፤ ሰርቨሩም የአጥቂው ይሆናል።

ማውንደር ኦገስት መጀመሪያ ላይ ግኝቱን አሳተመ፣ ኮዱንም እንደ አዲስ ጻፈው፤ ሥራው ቲምታምብን ይንከባከብ ከነበረው ከቤን ጊልባንክስ ጋር በመስማማት የቲምታምብ ሁለተኛ ዕትም ሆነ። ዎርድፌንስ የተባለው የጥበቃ ፕለጊን የተወለደውም ከዚህ ገጠመኝ ነው። ሆኖም ጥገናው የደረሰው ለሚያውቁት ብቻ ነበር። ቴም የገዛ ሰው ቲምታምብ ውስጡ እንዳለች ምን ያሳውቀዋል? አንዳንዱ ቴም ፋይሏን ስሟን ቀይሮ ነበር የሚይዛት። የ1996ቷ የስልክ ማውጫ በሌላ ልብስ ተመለሰች።

2014 እና 2015፦ የከፋው ዘመንና መልሱ

በ2014 አጋማሽ ሜይልፖየት በተባለው የኢሜይል ጋዜጣ መላኪያ ፕለጊን ላይ ሱኩሪ የተሰኘው የጥበቃ ድርጅት ቀዳዳ አገኘ። ፕለጊኑ ፋይል ሲጫን «ጫኙ ማነው?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። ጸሐፊዎቹ ያ የኮዱ ክፍል የሚነሣው አድሚን ሲገባ ብቻ ነው ብለው አምነዋል፤ ስሙም እንዲያ ያስመስላል። እውነቱ ግን ማንኛውም መንገደኛ ሊቀሰቅሰው ይችል ነበር። ጥገናው ከወጣ በሳምንታት ውስጥ በሱኩሪ ግምት 50,000 ያህል ድረ ገጾች ተበከሉ። ከእነሱ መካከል ሜይልፖየትን በዓይናቸው ያላዩ አሉ፤ ጥፋታቸው በርካሽ ሆስቲንግ ከተጠቃው ገጽ ጋር አንድ ሰርቨር መጋራታቸው ነው።

ስላይደር ሬቮሉሽን የተባለው የፎቶ ማንሸራተቻ ታሪክ ይበልጥ ያናድዳል። ይህ ፕለጊን የፎቶ ስም ሲጠየቅ ያንን ስም ሳያጣራ ፋይሉን ይሰጣል። በፎቶ ስም ፈንታ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ያለበትን የዎርድፕረስ ፋይል የጠየቀም ይሰጠዋል። ሠሪዎቹ በ2014 መጀመሪያ ላይ ቀዳዳውን በጸጥታ ደፈኑት። ለማን ተነገረ? ለማንም። ፕለጊኑ በብዙ ቴሞች ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ የቴሙ ገዢ አዲሱን ዕትም የሚያገኘው የቴሙ ሻጭ ሲያስብለት ነው። ሴፕቴምበር ላይ ጉዳዩ አደባባይ ወጣ፤ ዲሴምበር ላይ ሶክሶክ የተባለው ጥቃት በዚያው ፕለጊን በኩል ሲጎርፍ ጉግል ከ11,000 በላይ ድረ ገጾችን በጥቁር መዝገብ አሰፈረ። በጸጥታ መጠገን ደንበኛን መጠበቅ ነው የሚሉ ነጋዴዎች ዛሬም አሉ። እኔ ደንበኛን ጨለማ ውስጥ መተው ነው እላለሁ።

መልሱ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። በማርች 2015 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገጾች ላይ የነበረው የዮስት የፍለጋ ፕለጊን የዳታቤዝ ቀዳዳ ተገኘበት፤ የዎርድፕረስ ሰዎችም ባለቤቶቹን ሳይጠብቁ ጥገናውን በግዳጅ ወደ የገጹ ላኩ። ከወር በኋላ ደግሞ የፕለጊኑ አባት ዩስት ደ ፋልክ በጻፈው ኮድ ውስጥ ሌላ ስሕተት ተገኘ፦ አድራሻ ላይ መረጃ የሚጨምር የዎርድፕረስ መሣሪያ ውጤቱን ያጣራል ብሎ አምኖ ነበር፤ አያጣራም። መመሪያው ግልጽ ስላልነበረ ደ ፋልክ ብቻውን አልተሳሳተም። ሱኩሪ ሌሎች ፕለጊኖችን ሲመረምር ያው እምነት በብዙዎቹ ታላላቆች ውስጥ ተገኘ፤ ከዎርድፕረስ መሥራቾች የአንዱ፣ የሙለንዌግ፣ ኩባንያ የሚሠራው ጄትፓክ ሳይቀር። ተፎካካሪዎቹ ተነጋግረው ምስጢሩን ጠበቁ፣ ኤፕሪል 20 ቀንም ጥገናቸውን በአንድ ላይ አወጡ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ኅብረት ሲታይ የመጀመሪያው ነው።

ከ2017 እስከ 2020፦ የጠባቂው በር

ዋናው ዎርድፕረስም ከስሕተቱ አላመለጠም። በ2017 መጀመሪያ አንድ ክፍሉ የጽሑፍ መለያ ቁጥር ሲቀበል ከቁጥሩ ኋላ ፊደል ቢለጠፍ አይከለክልም ነበር። ፈቃድ የሚፈትሸው ክፍል «እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለም» ብሎ ያልፈዋል፤ ጽሑፉን የሚለውጠው ክፍል ደግሞ ፊደሏን ጥሎ ቁጥሩን ይወስዳል። በዚህ ልዩነት መካከል ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ገጾች ተበላሹ።

በሜይ 2018 የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ ተግባራዊ ሆነ። ቅጣቱን የፈሩ ባለቤቶች ለሕጉ የሚያስፈልገውን ሁሉ አሟላለሁ የሚል ፕለጊን ጫኑ፤ ከ100,000 በላይ ገጾች ላይ ገባ። ያው ፕለጊን ግን የራሱን ቅንብር ለማስቀመጥ ጥያቄ ሲቀርብለት ቅንብሩ የራሱ መሆኑን አያይም፣ ጠያቂው ማን እንደሆነም አይመረምርም። አጥቂዎች ሁለት ቅንብር ለወጡ፦ ማንም ይመዝገብ፣ የተመዘገበም አድሚን ይሁን። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ተመዝግበው ገቡ። ምስጢር ጠባቂ የተባለው በር ሆኖ ተገኘ።

ሴፕቴምበር 2020 ደግሞ ክቡን ገጠመ። ፋይል ማናጀር የተባለው፣ ከ700,000 በላይ ገጾች ላይ የነበረ ፕለጊን በውስጡ ከሌላ ሥራ የተወሰደ ፋይል ነበረው። ፋይሉ ለምሳሌ የተሰጠ ነበር፤ በቀጥታ እንዳይሠራም የስሙ መጨረሻ ሆን ተብሎ ተለውጧል። የፕለጊኑ ሠሪዎች ስሙን አስተካክለው የሚሠራ አደረጉት፤ በፊቱም ምንም ፍተሻ አላኖሩም። ልክ እንደ 1996ቱ፣ አደጋው የመጣው ከተረሳ ምሳሌ ነው። አጥቂዎቹ ከገቡ በኋላ ያደረጉት ደግሞ ፈገግ ያሰኛል፦ ተቀናቃኝ ሌቦች እንዳይከተሏቸው በዚያ ፋይል ላይ የይለፍ ቃል አኖሩበት። ባለቤቱ ያልቆለፈውን በር ሌባው ቆለፈው።

ከ2021 ወዲህ

የኢስቶኒያው ፓችስታክ በ2024 ብቻ በዎርድፕረስ ዓለም 7,966 አዳዲስ ቀዳዳዎችን ቆጥሯል። ከእነዚህ 96 በመቶዎቹ ፕለጊን ውስጥ ነበሩ፤ በዋናው ዎርድፕረስ የተገኙት 7 ብቻ ናቸው። ግማሽ ያህሉ ያው ከ2000 ጀምሮ ስሙን የምናውቀው ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ ነው። ቁጥሩ የበዛው ስሕተቱ ስለበዛ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ቀዳዳ ለሚያገኝ ሰው ክፍያ ስላለ ፈላጊውም በዝቷል። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የዎርድፕረስ ማከማቻ ፕለጊን አቅራቢዎችን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማስገባት ጀምሯል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በዲሴምበር 2024 ሥራ ላይ በዋለው የሳይበር ሕጉ፣ ሶፍትዌር የሚሸጥ ድርጅት ጥቃት እየደረሰበት ያለን ቀዳዳ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ግዴታው የሚጀምረው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ነው። የስላይደሩ ዓይነት ጸጥታ ያኔ ያስቀጣል።

አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ላሉ የእኛ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ጋዜጦች ድረ ገጽ የሚሠራላቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የሚያውቁት ልጅ ነው። ቴም ገዝቶ፣ ፕለጊን ጭኖ፣ አስረክቦ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ገጽ ካለዎት ዛሬ ማታ የፕለጊኖቹን ዝርዝር ይክፈቱና የማይጠቀሙበትን ያጥፉ። «አሰናክል» የሚለውን መጫን ግን አይበቃም፤ የተሰናከለ ፕለጊን ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው፣ አድራሻውን የሚያውቅ ሁሉ ይደርስበታል። «ሰርዝ» የሚለውን ይጫኑ።